ልጁ መረጠ፤ አያቱስ?



በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መግባቱ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ከትምህርት ገበታው ተነሣ። ያን ጊዜ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርንና እኛም ከተነሡት መካከል ነበርን። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ቢባልም በሰፈራችን ያሉ ታናናሾች አብዛኞቹ ሲሯሯጡ ይውሉ ነበር። በወሩ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ።

በዚህ ጊዜ እኛ አምስት ጓደኛሞች በባሕር ዳር ከሰፈራችን ጀርባ ባለው ሜዳ ልጆችን ማዋል ጀመርን። ሦስት ልጅና ከእኛ አንድ፣ በድምሩ አራት ሰው በአንድ ቦታ፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ አራት። ዐዋጁን አክብረናል እያልን እንጽናና ነበር። አምስቱንም ክበብ አንድ ላይ ለሚያይ ሰው ግን ሃያ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ነበረ፤ ይህን ዛሬ ሳንሸሽግ እንናገራለን።

አስተማሪዎች አልነበርንም፤ ልንሆንም አንችልም ነበር። ስለዚህ ልጆቹ የሚማሩትን ራሳቸው እንዲመርጡ ተውናቸው። አንዱ ለሁለት ሳምንት ጠጠር ከመወርወር በቀር ምንም አልሠራም። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ግን በሜዳው መካከል ዱላ ተክላ በየቀኑ ከቀትር በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጥላውን በክር ትለካ ጀመር። ጥላው በየቀኑ እያጠረ ሄደ። ትንሣኤን ሚያዝያ 11 ቀን በየቤታችን ካከበርን በኋላ ባሉት ቀናት ጭራሹን ጠፋ። «ጥላውን ማን ወሰደው?» ብላ ጠየቀችን። አናውቅም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥላው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን የወደቀው በደቡብ በኩል ነበር። ፀሐይ በዚያ ሰሞን በአናታችን ላይ አልፋ ወደ ሰሜን እንደምትሻገር ያወቅነው እሷ ካስቸገረችን በኋላ የቆየ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ፈልገን ነው። ዘጠኝ ዓመት ስንማር ማንም እንዲህ አስጨንቆን አያውቅም።

ከቤት ውጭ መማር አዲስ ነገር አይደለም። በጀርመን አገር ያን ጊዜ በበርሊን አጠገብ በነበረችው ቻርሎተንቡርግ እ.ኤ.አ. በ1904 ለደካማና ለበሽተኛ ልጆች በጥድ ጫካ ውስጥ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። የእኛም የአብነት ተማሪ ከዛፍ ሥር ነው የኖረው፤ ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፤ መምህሩን ፍለጋም ከደብር ደብር ይዞራል። ቢሆንም መምህሩን ይመርጥ እንደሆነ እንጂ ፊደልን ትቶ ከቅኔ ልጀምር ቢል የሚሰማው የለም። እኛ ይህን ልዩነት አላስተዋልንም ነበር። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ እያነሣን፣ ትሏ ያስተማረችው ከዛፍ ሥር ነው እያልን እንከራከር ነበር። ታሪኩ ግን ከዛፉ ሥር አያልቅም፤ ያሬድ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመልሷል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በግንቦት ወር ከልጆቻችን አንዱን ትኩሳት ያዘው። እናቱ ወደ ሜዳው መጥታ ከሩቅ ቆመች። ልጁ ከሴት አያቱ ጋር በአንድ ክፍል እንደሚተኛ፣ አያቱም የአስም በሽተኛ መሆናቸውን ያን ቀን ሰማን። «ማንም አላስገደደውም፣ ራሱ ፈልጎ ነው የመጣው» አልናት። «እሱስ መረጠ፤ እናቴ ምን መረጠች?» አለችን። መልስ አልነበረንም።

ሜዳውን ዘግተን አሥራ አራት ቀን በፍርሃት ቆየን። የልጁ ሕመም ወባ ሆኖ ተገኘ። ከእኛ አንዳንዶቹ «ይኸው፣ ምንም አላደረስንም» አሉ። ግን እንዲህ ማለት ይገባናልን? ዐይኑን ጨፍኖ መንገድ የተሻገረ ሰው መኪና ስላልገጨው ብቻ ጥንቁቅ ነበር አይባልም። በደላችን ከበሽታው በፊት የተፈጸመ ነበር፤ የልጁን ፈቃድ ጠይቀን የቤቱን ሳንጠይቅ ቀርተናል። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ለጣዖት ስለተሠዋ ሥጋ በጻፈ ጊዜ ዐዋቂው ለመብላት ነፃ መሆኑን አልካደም፤ ያሳሰበው አጠገቡ ያለው ደካማ ወንድም ነው። እኛ ስለ ልጆች ነፃነት ብዙ ስናወራ ደካማዋ በአንዲት ክፍል ውስጥ ተኝታ እንደነበረች አላሰብንም።

ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ከመጀመራችን በፊት በየቤቱ ዞርን፤ ከደጅ ቆመን በዕድሜ የገፋውን ሰው ጠየቅን። አያትየው ራሳቸው ፈቀዱ፤ ልጁ ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ በረንዳ ላይ እንዲተኛ ብቻ አዘዙ። ሁለት ቤቶች እምቢ አሉን። ክረምቱ እስኪበረታ ድረስ በአሥራ ሦስት ልጆች ቀጠልን።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም «እንግዲያስ ሁሉንም መተው ነበረባችሁ» ይለን ይሆናል። ይህንም አንቀበልም። ቤት መዋል ጉዳት የሌለበት ይመስል የነበረው ጉዳቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ነው። በሽታ በሳምንት ይታወቃል፤ ፊደል የረሳ ልጅ ግን ማንም ሳያይለት ይጎዳል፤ ስለ እሱም ወደ ሜዳ መጥቶ የሚጮህ የለም። ፈቃድ መጠየቃችን ትክክል ነበር፤ እምቢታውን መቀበላችንም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ትክክል የሆነው ነገር ዋጋ አላስከፈለም ብለን አንዋሽም።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በየደረጃው መከፈት ሲጀምሩ ከእምቢተኞቹ ቤቶች የአንደኛው ልጅ ሳይመለስ ቀረ። ስድስት ወር ሙሉ ጎሚስታ ቤት ሲላላክ ከርሞ ነበርና ገንዘብ መያዝ ለምዶ ነበር። አንድ ጊዜ እምቢ ከተባልን በኋላ ደብተር ወይም መጽሐፍ ይዘን በአጥሩ በኩል እንኳ አልሄድንም፤ ተቀይመን ነበር መሰል። ዛሬ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ስንመለስ በሚሠራበት ቤት በኩል እናልፋለን። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰላም ይለናል፤ እኛም ሰላም ብለን ቶሎ እናልፋለን።