ልክን ማወቅና ራስን ማሳነስ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ሰሞን ታናናሾቻችን ወደ እኛ ይመጣሉ። «የትኛውን ዩኒቨርሲቲ ላስቀድም? ይደርሰኛል ወይ?» ይሉናል። እኛም ቀድመናቸው ስለ ገባን ብቻ እንደ ዐዋቂ ተቈጥረን እንመክራለን። ለመሆኑ የሌላውን ሰው ዕድል መዝኖ ለመናገር ማን ሥልጣን ሰጠን?

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወንድማችን የማለፊያ ነጥብ አግኝቶ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘውን ዩኒቨርሲቲ በአንደኛ ምርጫነት ሊሞላ ፈለገ። እኛ ግን «እዚያ የሚገቡት ጎበዞች ናቸው፤ ልክህን ዕወቅ» አልነው። እርሱም ታዘዘን። ምደባው ሲወጣ ከእርሱ ያነሰ ውጤት የነበረው የክፍል ጓደኛው እዚያው ደረሰው። ወንድማችን አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰንም፤ የከበደንም ይኸው ነው። ነገሩን በኋላ ስናስበው የቀደመውን ዓመት ምደባ አላየንም፣ የሚያውቅ ሰውም አልጠየቅንም። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዶቻችን ያንኑ ስፍራ ተመኝተን ያጣን ነበርን። ትሕትና ብለን ያስተማርነው የራሳችንን ቁጭት ኖሯል።

በተከታዩ ዓመት ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ዞርን። ለመጣው ሁሉ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደፍረህ ሙላ» እንል ጀመር። ይህ እምነት ይምሰል እንጂ ቁጥር ላለማየት የእግዚአብሔርን ስም መጋረጃ ማድረግ ነበር።

ቁጥሩስ ምን ይላል? በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። ይህ ያስደነግጣል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ፈተናው በር ነው። ያንን በር ያለፈ ልጅ የሚወዳደረው ካለፉት ጋር ነውና፣ በወደቁት ብዛት ማስፈራራቱ ስሕተት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሚሻ ደግሞ ሌላ በር አለበት፤ ዩኒቨርሲቲው በ2016 ዓ.ም. ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣልና።

ከዚህም በላይ የሚያሳስበን በስም መመረጡ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት የጋራ ስለሆነ የትምህርት ክፍል የሚለየው ከዚያ በኋላ፣ በውጤት ነው። እንግዲህ ስሙ የገነነበት ቦታ ገብቶ የወደዱትን ትምህርት ማጣት አለ። የሚፈልጉት ትምህርት እዚያ ይሰጣል? የአውቶቡሱን ገንዘብስ እናት ከየት ታመጣለች? (ይህን የመጨረሻውን ማንም አይጠይቅም፤ ልጆቹም ያፍራሉ።)

ዘንድሮ አንዲት እኅታችን መጣች። አስቀድመን በወንድማችን ላይ ያደረግነውን ነገርናት፤ ከዚያም የምናውቀውን ያህል ብቻ ተናገርን። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና እኛ ሦስተኛ ያልነውን አንደኛ አድርጋ ሞላች። ምክንያቷን አልጠየቅናትም።