መሮጫ ማሽኑና የጣና ዳር መንገድ

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ካለው ቤቴ ስወጣ አንድ ጎረቤቴን አዘውትሬ አገኘዋለሁ። እሱ በመሮጫ ማሽን ሊሮጥ ቦርሳውን አንግቶ ወደ ጂም ይሄዳል፤ እኔ ወደ ጣና ዳር እወርዳለሁ። አስፋልቱ ድረስ አብረን ተጉዘን እዚያ እንለያያለን። ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ እያካፋ፣ መለያያችን ላይ ቆም ብሎ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ሩጫ ያው ሩጫ ነው። ልብ ይመታል፣ ላብ ይወጣል። እርስዎ ጭቃውን የሚረግጡት ምን የተለየ ነገር አግኝተውበት ነው?»

«አየሩ ይሻለኛል» ብዬ አለፍኩት። መልሱ ግን እኔንም አላጠገበኝም። ልማዴን ነገርኩት እንጂ ምክንያቴን አልነገርኩትም። ሐተታ የሚጀምረው ደግሞ ሰው የገዛ ልማዱን «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ በእንፍራዝ ኖረ የሚባለው ዘርዐ ያዕቆብ፣ እ.ኤ.አ. በ1667 እንደተጻፈ በሚነገረው ሐተታው፣ የሰማውን ሁሉ በልቡናው ሳይመረምር አይቀበልም። የመጽሐፉ ደራሲ ማን ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም፤ መንገዱ ግን ለሁላችንም ክፍት ነው። የጎረቤቴን ጥያቄ በዚያው መንገድ ልመርምረው።

በመጀመሪያ ለማሽኑ የሚገባውን እንስጠው። ልባችን እግራችን የረገጠው ላስቲክ ይሁን አፈር አይጠይቅም። አንድሩ ጆንስና ጆናታን ዶስት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ሯጮችን በማሽንና በመንገድ ላይ አነጻጽረው ነበር። ደጅ የሚሮጥ ሰው አየሩን እየገፋ ስለሚሄድ ትንሽ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል። ማሽኑን አንድ በመቶ ዳገት ቢያደርጉት ግን ድካሙ ከሜዳው ሩጫ ጋር ይስተካከላል። በዝግታ ለሚሮጥ ሰው ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም ያነሰ ነው። እንግዲህ መለኪያችን የሚወጣው ጉልበት ብቻ ከሆነ፣ በጎረቤቴና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቁልፍ በመጫን ይጠፋል። እዚህ ላይ ረትቶኛል፤ መረታቴንም እቀበላለሁ።

ማሽኑን የሚጠሉ ሰዎች የትውልዱን ታሪክ ያነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1818 ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለእስረኞች መቀጫ የሚሆን የእግር መዘውር ሠርቶ ነበር። እስረኞቹ ቀኑን ሙሉ የማያልቅ ደረጃ ይወጡ ነበር፤ በአንዳንዱ እስር ቤት መዘውሩ እህል ይፈጭ ነበር፣ በሌላው ግን የሚሠራው ምንም ነገር አልነበረም። እንግሊዝ ቅጣቱን በሕግ ያስቀረችው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። ታሪኩ ያሳዝናል፤ ለክርክራችን ግን ማስረጃ አይሆንም። ሰውን በዘሩ መፍረድ ስሕተት እንደሆነ ሁሉ ዕቃንም በትውልዱ መፍረድ ስሕተት ነው። ደግሞም ይኸው መሣሪያ ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1952 በሲያትል ከተማ ሮበርት ብሩስ የተባለ የልብ ሐኪምና ዌይን ኩዊንተን የተባለ መሐንዲስ በሞተር የሚሠራውን ማሽን ለልብ ምርመራ አዋሉት። በብሩስ ስም በሚጠራው ምርመራ በሽተኛው በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ፍጥነትና በ10 በመቶ ዳገት ይጀምርና በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨመርበታል፤ ልቡ የደበቀው ሕመም ያን ጊዜ ይገለጣል። ይህን ሥራ የትኛውም መንገድ አይሠራውም። መንገድ እንዲህ ተለክቶ አይታዘዝምና።

ልዩነቱ የሚጀምረውም ከዚሁ ከመታዘዝ ላይ ይመስለኛል። ማሽኑ ላይ የሚሄደው መሬቱ ነው፤ ሰውየው ባለበት ነው። ፍጥነቱን አንድ ጊዜ ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ እግሩ ቁጥሩን ይከተላል። በጣና ዳር ግን እያንዳንዱን እርምጃ የምመርጠው እኔ ነኝ። የዋርካ ሥር መንገዱን አቋርጦ ይወጣል፤ እግሬ ከሐሳቤ ቀድሞ ይነሣል። ከዝናብ በኋላ ጥቁሩ ጭቃ ጫማዬን ይዞ ያስቀረኛል፤ ስለዚህ ሣር ሣሩን እረግጣለሁ። ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። ሰውነቴ ከማላዘው ነገር ጋር ይነጋገራል፤ ከራሱ ውጭ ያለውን እየሰማ ይሠራል።

አንድ ነገር ደግሞ ቀረብ ብለን እንይ። አንድ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን ወደ ዳር ስቦ መረቡን ሲያራግፍ አገኘዋለሁ። ቀና ብሎ «እንዴት አደሩ?» ይለኛል። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ከሆነ መልሱ ከአፌ አይወጣም፤ እጄን ብቻ አነሣለሁ። ሶምሶማዬ ልክ ከሆነ ግን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» ለማለት ትንፋሽ ይተርፈኛል። የጤና ባለሙያዎችም ይህንኑ ይመክራሉ፤ መጠነኛ እንቅስቃሴ ማለት እየተንቀሳቀሱ መነጋገር የሚቻልበት ነው። ማሽኑ ቢሆን የልብ ምቴን በቁጥር ይነግረኝ ነበር። እዚህ የሚለካኝ ሰላምታ ነው። መለኪያውም ራሱ ከሰው ጋር ያገናኘኛል።

ይህ የእኔ የግል ስሜት ብቻ አይደለም። ሥራቸው ሩጫ የሆነ የአገራችን ልጆች ቦታን እንደ መድኃኒት ይመርጣሉ። ለብርዱና ለከፍታው እንጦጦ ይወጣሉ፣ ለሙቀቱና ለፍጥነቱ አቃቂ ይወርዳሉ፣ ለሣሩና ለጫካው ሱሉልታና ሰንዳፋ ይሄዳሉ። ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ኖሮና ሮጦ መጽሐፍ የጻፈው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ ከእነሱ የሰማውን አንድ ሐሳብ አጉልቶ አስፍሮታል፤ ብቻውን የሚሮጥ ለጤናው ይሮጣል፣ መለወጥ የሚሻ ግን ከሰው ጋር መሮጥ አለበት። የፊተኛውን እግር ተከትሎ መርገጥ፣ ተራ እየተቀባበሉ መምራት፣ የደከመውን መጠበቅ፤ እነዚህ ለእነሱ የሥልጠናው አካል ናቸው። ከእነሱ በፊትም የጎጃም የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ሲፈልግ ጎጆውን ትቶ ዱር ይገባ ነበር። ሐሳብ ቦታ እንደሚሻ ሊቃውንቱ አሳምረው ያውቁ ነበር። ሰውነትም እንደዚያው ነው።

እዚህ ላይ ግን ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል። ደጁ ለሁሉም እኩል ክፍት ነው ወይ? የወንድሜ ልጅ መሮጥ ትወዳለች። ለሁለት ወር ያህል ከእኔ ጋር ጣና ዳር ስትወርድ ከርማ ተወችው። ምክንያቱን ስጠይቃት «አጎቴ፣ እርስዎ ካሉ ማንም አይናገረኝም። ብቻዬን ስሆን ግን ከዳር እስከ ዳር ለከፋ ነው» አለችኝ። አሁን ማሽን ላይ ትሮጣለች። በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ በከተማችን ሰዓት እላፊ ሲጣል ደግሞ ከሥራ በኋላ ወጣ ብሎ መንቀሳቀስ ለሁላችንም ቀርቶ ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴም እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክን ማራቶን አልሮጥም ያለው ለአስም የሚያሰጋውን የከተማውን አየር ፈርቶ ነው፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በርሊን ሄዶ በ2:03:59 የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዓለም ምርጥ ሯጮች አንዱ እንኳ ደጅ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ፈርዷል።

ይህን ተቃውሞ ማቃለል አልችልም፤ አልሻምም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ስንከተለው የሚያደርሰን ወደ ሌላ መደምደሚያ ነው። የወንድሜ ልጅ ማሽኑን የመረጠችው ከመንገዱ ስለሚበልጥባት አይደለም፤ መንገዱን ስለከለከልናት ነው። ማሽኑ አንድን ሰው ይታደጋል፤ የተበላሸውን መንገድ ግን እንደተበላሸ ይተወዋል። ለከፋው፣ ጢሱ፣ ቆሻሻው፣ አጥሩ ባሉበት ይቆያሉ። ስለዚህ ማሽኑ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ «ደጁ ለምን አልተመቸውም?» ተብሎ ሊጠየቅለት ይገባል። በሐኪም ትእዛዝ ወይም በጉልበት ሕመም ከሆነ መልካም፤ ማሽኑ ለዚያ ተሠርቷል። በፍርሃት ከሆነ ግን ዕዳው የእኛ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የጎረቤቴ ማሽን የሚዞረው በመብራት ነው። በግንቦት 2002 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ የጣናን ውሃ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ አሳልፎ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከጢስ ዓባይ ጀምሮም ዓባይ ከጣና ወጥቶ ተርባይን እያዞረ ይወርዳል። ኃይሉ ሁሉ በአንድ የአገር መስመር ስለሚገባ የትኛው ውሃ የትኛውን ማሽን እንዳዞረ መለየት አይቻልም። ቢሆንም ጎረቤቴ የጣናን ጉልበት ተውሶ፣ ለጣና ጀርባውን ሰጥቶ፣ ግድግዳ እያየ ይሮጣል ማለት ከእውነት አያርቅም። ሐይቁ ራሱ ግን ከበሩ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ለመታየትም ክፍያ አይጠይቅም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ማሽኑ መድኃኒት ነው፤ ደጁ ምግብ ነው። መድኃኒት ለታመመና ለተቸገረ ይታዘዛል፤ በልክ ይወሰዳል፤ የሰጠውንም እናመሰግናለን። ምግብ ግን የዘወትር ነው፤ ከሰው ጋር ሲበሉትም ይጣፍጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህ በቀን ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግር ሁለት ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጫማና ፈቃድ ነው።

ፈቃዱ ግን የጋራ ነው። ባሕር ዳሮች ሆይ፣ የጣናን ዳር አጥር አይዋጠው። ማለዳ መንገድ ላይ የምትሮጥ ልጅ ስታዩ «እንዴት አደርሽ» ብላችሁ አሳልፏት፤ ሌላ ቃል አትጨምሩ። ወንድሞች፣ ጓደኛችሁ ሲለክፍ ዝም አትበሉ። ጎረቤቴ ሆይ፣ ክረምቱ ሲወጣ በሳምንት አንድ ቀን ቦርሳህን ቤት ተውና አብረን እንውረድ። የወንድሜ ልጅ ብቻዋን ከሹም አቦ ተነሥታ፣ ሐይቁን ተከትላ ሮጣ፣ ማንም ሳይነካት ቤቷ የገባች ቀን፣ ለጥያቄህ የተሟላ መልስ ሰጠሁህ ማለት ነው።