የላይኛው ሰው ለታችኛው ያለበት ዕዳ

ውኃ ወሰን አያውቅም። ክረምት ሲገባ በአንበሳሜ ዙሪያ ካሉት ከፍታዎች የሚነሣው ጎርፍ የማሳውን አፈር፣ የመንገዱን ጥራጊ፣ የጓሮውን እዳሪ ጠርጎ ቁልቁል ይጓዛል። ከደራ ጅረቶች ገሚሶቹ ወደ ጉማራ ይገባሉ፤ ገልዳን የመሰሉትም በራሳቸው መንገድ ጣናን ያገኛሉ። ጉማራ ራሱ እንደ ርብ ሁሉ ከጉና ተራራ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወደ ሐይቁ የሚፈስ ወንዝ ነው። ከላይ የተጣለ ነገር እንግዲህ ከታችኛው ሰው ደጅ መድረሱ አይቀርም። ታዲያ ፊቱን አይተን ለማናውቀው ለዚያ ሰው፣ ከላይ የምንኖር ሰዎች ምን ዕዳ አለብን?

ጉዳቱ በዓይን የሚታይ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ፎገራን አጥለቅልቆ ብዙዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና የታየው እምቦጭም የሚፋፋው ከማሳ በሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ በሚወርድ ፍሳሽ ነው። ዕዳውን የከፈሉት መረቡ በአረም የተያዘበት ዓሣ አጥማጅና ሩዝ ገበሬው ናቸው።

ሕጋችን ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖርን መብት ሲያረጋግጥ፣ በአንቀጽ 92 አካባቢን የመጠበቅን ግዴታ በመንግሥትም በዜጎችም ላይ ጥሏል። አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። በእኛ አስተሳሰብ እንዲህ ያለው ሕግ በጉባኤው መካከል ለሌለው፣ ለማይታየው ባልንጀራ የቆመ ጠበቃ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ እውነተኛ ተቃውሞ አለ። የፍሳሽ መስመር በሌለበት ከተማ ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ እናት እጣቢዋን የት ትድፋ? ከሁለት ጥማድ በማይበልጥ ተዳፋት መሬት የሚኖር ገበሬስ ከማሳው ላይ ለእርከን የሚሆን ቦታ ቢቀንስ የጎደለውን እህል ማን ይተካለታል? ለእነዚህ ሰዎች ቅጣትን ብቻ የሚያውቅ ደንብ ፍትሕን ይጎዳል።

መልሳችን ይህ ነው። ዕዳው በሁላችንም ላይ አለ፤ ሸክሙ ግን እንደ ዐቅም ይከፈል። ማዘጋጃ ቤቱ አስቀድሞ የጎርፍ መውረጃ ቦይና የፍሳሽ መጣያ ያዘጋጅ፤ ከዚያ በኋላ ቦዩን በቆሻሻ የሚደፍነውን ይጠይቅ። የታችኛው ሰውም ከላይኛው እርከን ተጠቃሚ ነውና ከወጪው ይካፈል። ወንዝ ዳር ሳይታረስ የሚቀረው ጠባብ መሬት ለሁሉም የሚጠቅም መሆኑን የሚያምን ሁሉ፣ የዚያ መሬት ባለቤት ብቻውን እንዲከስር ሊፈቅድ አይገባም።

በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዘገበ። በዚያው ዓመት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው ንጹሕ ውኃ ማግኘት የሰው ልጅ መሠረታዊ መብት መሆኑን አስተማሩ። መዝገቡም ትምህርቱም መልካም ናቸው፤ የሚፈጸሙት ግን በየጓሮአችን ነው። ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ከደጃችን ምን ጠርጎ እንደሚወስድ ቆመን እንመልከት፤ የሚወርደው ወደ ሌላ ሰው ማድጋ ነውና።