የይሉኝታ እሺታ

አንድ ሰው የተጠየቀው ነገር በቅጡ ሳይገባው «እሺ» ቢል፣ እሺ ብሏል ይባላል? ጥያቄው ለፍልስፍና ክፍል የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን እዚህ አገና በገበያ ቀን ወደ አንዱ ባንክ ቅርንጫፍ ጎራ ብትሉ፣ ጥያቄው በየመስኮቱ ሲነሳና ሳይመለስ ሲታለፍ ታያላችሁ። አንዲት እናት ቅቤያቸውን ሸጠው፣ አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው የላከላቸውን ብር ሊያወጡ ተሰልፈዋል። ተራቸው ሲደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት፣ «እማማ፣ ሞባይል ባንኪንግ ላስጀምርልዎት? ካርድስ? ለልጅ ልጅዎ ደግሞ የቁጠባ ሒሳብ እንክፈትለት?» ትላቸዋለች። እሳቸውም «እሺ የኔ ልጅ» ይላሉ። ይፈርማሉ፤ መጻፍ ካልቻሉም አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ያትማሉ።

ለምን እሺ አሉ? ብዙ ጊዜ መልሱ ስለ አገልግሎቱ አይደለም። ልጅቷ የጎረቤት ልጅ ትሆናለች፣ ወይም የዘመድ። ከኋላ ሰልፍ አለ። እንዲህ በትሕትና የምትጠይቅን ልጅ በሰው ፊት «አልፈልግም» ማለት ለእኛ አገር እናት ቀላል አይደለም። ይሉኝታ አለ። ስለዚህ የተፈረመው ወረቀት «ሞባይል ባንኪንግ እፈልጋለሁ» ቢልም፣ እናቲቱ በልባቸው የፈረሙት «ይቺን ልጅ አላሳፍራትም» የሚለውን ነው።

በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ባንክ የሚሠሩም፣ የሚነግዱም ልጆች አሉ። ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ይጋጋላል፤ አንዳንዴም የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን ሰዓት ይበላብናል። የባንክ ሠራተኞቹ ክርክር ቀላል ስላልሆነ በቅድሚያ እሱን በሚገባ ልስማው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በወር ይህን ያህል አዲስ ሒሳብ፣ ይህን ያህል ተቀማጭ፣ ይህን ያህል የሞባይል ተጠቃሚ እንዲያመጣ ታርጌት ይሰጠዋል። ሥራ አስኪያጁም ከበላዩ ታርጌት አለበት። የአፈጻጸም ምዘና፣ እድገትና ቦነስ የሚታዩት በዚያው ነው። የመሸጡን ሥራ ከሥራው ለይቶ መተው አይቻልም ማለት ነው። ደግሞስ ክፉ ነገር ነው ወይ የሚሸጡት? መስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ በሦስት ወር ውስጥ አሮጌውን ለውጡ ተባለ፤ ያኔ ከሁሉ በላይ የተጨነቀው ገንዘቡን በየጓዳው ሸሽጎ ያስቀመጠው ሰው ነበር። ባንክ ከእሳትም ከሌባም ይጠብቃል። «እኛ ባንጎተጉት ኖሮ እናቶቻችን ዛሬም ብራቸውን እንስራ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጡት» ይላሉ። ይህ እውነት አለው።

ግን ለማን ተብሎ እንደሚጎተጎት መጠየቅ ይገባል። የግል ባንክ እንዲቋቋም የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በአገሪቱ ከ30 በላይ ባንኮች አሉ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅድ አዋጅ ጸድቋል። ባንክ የሚያበድረው የሰው ተቀማጭ ነውና ሁሉም ያንኑ ብር ያሳድዳል። ለቆጣቢ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዓመት አንድ ሠራተኛ ለአንድ ገበሬ «አባባ፣ የባሕር ዛፉን ብር እኛ ጋ ያስቀምጡት፣ ይወልድልዎታል» ቢለው ዋሸ? ብሩ ወልዷል። በዓመቱ መጨረሻ ግን ከነወለዱ የሚገዛው ጤፍ ካምናው ያነሰ ነበር። ሠራተኛው የተናገረው እያንዳንዱ ቃል እውነት ሆኖ፣ ገበሬው ይዞት የሄደው ሐሳብ ሐሰት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያስቸግረኝ። ከልጅነታችን የተማርነው ውሸት ማለት ያልሆነውን ሆነ ማለት እንደሆነ ነው። በቅርንጫፍ ሥራ ግን እያንዳንዱ መስመር እውነት ሆኖ ወረቀቱ በሙሉ ሊዋሽ ይችላል። በጣም የተለመደውን ምሳሌ ውሰዱ። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ አሥር ሒሳብ ጎድሏል። ሠራተኛው ከኪሱ ሃምሳ ሃምሳ ብር አውጥቶ ለአጎቱ ልጆች፣ ለመዘምራኑ፣ ለእግር ኳስ ጓደኞቹ ሒሳብ ይከፍታል። ስሙ እውነተኛ ነው፣ መታወቂያው እውነተኛ ነው፣ ብሩም የገዛ ብሩ ነው፤ ሰዎቹም ተስማምተዋል። ማንም ሰው ምንም አልተሰረቀም። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ? ሪፖርቱ ላይ ነው። ሪፖርቱ ለዋናው መሥሪያ ቤት «አሥር ሰዎች ባንካችንን ፈልገው መጡ» ይላል። አልመጡም። በዚያ ሐሰት ላይ ደግሞ የመጪው ዓመት ታርጌት ይሠራል፤ ስለዚህ በመጪው ዓመት ሃያ ይጎድላል። ሐቀኛዋ የሥራ ባልደረባውም ሰነፍ ትባላለች።

ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ዓለም አይቶታል። ዌልስ ፋርጎ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ ለሠራተኞቹ፣ እያንዳንዱ ደንበኛ ስምንት ያህል የባንኩን አገልግሎቶች እንዲይዝ አድርጉ የሚል ግብ ሰጥቶ ነበር። ሠራተኞቹ ሲጨንቃቸው ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብና ካርድ ይከፍቱ ጀመር። እ.ኤ.አ. መስከረም 2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት 5,300 ያህል ሠራተኞችን በዚሁ ምክንያት ማባረሩም ታወቀ። ሳይፈቀዱ የተከፈቱ ሊሆኑ ይችላሉ የተባሉት ሒሳቦች ቁጥር በኋላ ወደ 3.5 ሚሊዮን አድጓል። ከተባረሩት ብዙዎቹ መስኮት ላይ የሚሠሩ ዝቅተኛ ተከፋዮች ነበሩ። ግቡን ያወጡት አለቆች ለመውረድ ከእነሱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ይህን የምለው መስኮት ላይ ያለውን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ ማን ቀድሞ እንደሚመታ እንድታውቁት ነው።

ወደ እኛው ልመለስ። ነጋዴዎቹ ወንድሞች ሁልጊዜ የሚያነሱት አንድ ክርክር አለ፦ «እቁብስ? እቁብም እኮ በይሉኝታ ነው የሚቆመው! ዳኛው ሱቅህ ድረስ መጥቶ ‹ግባ› ካለህ እምቢ ትላለህ?» ይላሉ። ጥሩ ነጥብ ነው። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ ከመርካቶ እስከ ገጠር መዋጮ ሲሰበስብም፣ ሰው ሁሉ ከልቡ ፈንድቆ ብቻ የሰጠ አይመስለኝም፤ ከጎረቤት አንሶ መታየትን የፈራም ይኖራል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? እኔ እንደሚታየኝ፣ የእቁብ ዳኛ ራሱም ይጥላል። አንተ ብትከስር እሱም ይከስራል። ዋስ ስትጠራ ዋሱን ታውቀዋለህ። የመንገዱን መዋጮ የሰበሰበህም ሰው በዚያው መንገድ ነው ለመስቀል አገሩ የሚገባው፤ መንገዱ ካልተሠራ አንተም ታየዋለህ፣ እሱንም ትጠይቀዋለህ። ይሉኝታ የሚጎትተውና የሚጎተተው አንድ ገመድ ላይ ሲታሰሩ ማኅበር ይሠራል። በባንኩ መስኮት ግን ገመዱ አንድ ወገን ብቻ ነው ያለው። እናቲቱ ያልገባቸውን የሚስጥር ቁጥር ይዘው ይሄዳሉ። ቁጥሩን የሞላላቸው ሠራተኛው ነው፤ እንዳይረሱት ወረቀት ላይ የጻፈላቸው የእህታቸው ልጅ ነው። ነገ አንድ አጭበርባሪ «ከባንክ ነው የምደውለው» ቢላቸው ያንኑ ቁጥር ይነግሩታል። ያኔ ገንዘቡ ቢጠፋ ታርጌቱ የተሞላለት ሰው ምንም አይጎድልበትም።

ታዲያ ባንክ የሚሠራ ክርስቲያን ሥራውን ይልቀቅ? አንዳንድ ቀናተኛ ወጣት እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ቤት ኪራይ የማይከፍል ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ዘንድ ቀራጮች መጥተው ምን እናድርግ ብለው እንደጠየቁት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይ እናነባለን። ቀረጥ ቤቱን ዝጉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አትብለጡ ነው ያላቸው። እኔ በዚህ መልስ ውስጥ የሚገርመኝ ተራነቱ ነው። ንስሐቸው የሚፈተነው በምድረ በዳ ሳይሆን በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ደንበኛ ፊት፣ በቁጥር ነው። ለባንክ ሠራተኛም እንዲሁ ይመስለኛል። ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ፣ ተቋማት ስለሚሸጡት አገልግሎት ለደንበኛው ግልጽ መረጃ እንዲሰጡ አዟል። ስለዚህ «ይህ ካርድ ክፍያ አለው፣ ባይፈልጉት ምንም አይቀርብዎትም» ብሎ የሚናገር ሠራተኛ ሕጉ ከጎኑ ነው።

ደንበኞችም ጻድቃን አይደለንም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ሲበላሽ፣ ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ያወጡና ያስተላለፉ ብዙዎች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን «መልሱ» እስከ ማለት ደርሰዋል። ያን ሌሊት ኤቲኤም ፊት የተሰለፈው ወጣት ስለ ባንክ ሐቀኝነት ሲከራከር መስማት ትንሽ ያስቸግራል። ቢሆንም የደንበኛው ስርቆት የሠራተኛውን ማታለል አያጸድቅም፤ ያልተማሩት እናት ደግሞ በዚያ ሰልፍ ላይ አልነበሩም።

ኅብረታችን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንዲሞከር ሐሳብ አቅርቤ ነበር። ለእናቶችና ለአባቶች አዲስ አገልግሎት ስትሸጡ ያኑ ዕለት አታስፈርሙ፤ «ወረቀቱን ይያዙት፣ ከልጆችዎ ጋር ተማከሩበት፣ ከፈለጉ በሚቀጥለው ገበያ ይምጡ» በሏቸው። ይሉኝታ መስኮቱ ፊት ሲቆሙ ይበረታል፤ ቤት ሲገቡ ግን ይበርዳል። ባንክ የሚሠራ አንድ ወንድም ወዲያው ተቃወመኝ።

«እንደሱ ካልኩማ ግማሾቹ አይመለሱም» አለ።

አጠገቡ የተቀመጠች፣ ሱቅ ያላት እህት ዞር ብላ፣ «እስከ ዛሬ እነሱንም ነበር ስትቆጥር የነበረው?» አለችው።

መልስ አልሰጠም። ወሩ ግንቦት ነበር፤ የባንኮች ዓመት ደግሞ የሚዘጋው በሰኔ ነው።