ያዘነ ሰው ሥዕል ይታረማልን?

ንጉሥ ሳኦልን ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ጊዜ ባሮቹ የመከሩት በገና የሚደረድር ሰው እንዲፈለግለት ነበር። ዳዊትም መጥቶ በደረደረለት ጊዜ ንጉሡ ያርፍና ይሻለው እንደ ነበረ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ16ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ጥቂት ምዕራፎች ካለፉ በኋላ፥ በገናው እየተደረደረ ሳለ ሳኦል ጦሩን በደርዳሪው ላይ እንደ ወረወረ ይነገራል። ስለዚህ ጥበብ የተጨነቀችን ነፍስ ያሳርፋል ማለት እውነት ነው፤ ሁልጊዜና ፈጽሞ ይፈውሳል ማለት ግን ከመጽሐፉ አልፎ መናገር ይሆናል።

ሳኦልስ ሰሚ ብቻ ነበረ። የታመመው ሰው ራሱ ጥበቡን ቢሠራ ምን ይሆናል? ይህን በእንግሊዝ አገር አድሪያን ሂል የተባለ ሠዓሊ በገዛ ሕመሙ ፈተነው። ሂል በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦርነቱን ነገር እንዲሥል ከመንግሥት ታዞ የነበረ ሰው ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሚድኸርስት በተባለው ስፍራ በሕሙማን ቤት ተኛ። በዚያን ዘመን ለዚህ በሽታ የሚያድን መድኃኒት ገና ስላልተገኘ፥ ሕክምናው ይበልጡን ንጹሕ አየርና ዕረፍት፥ ይኸውም ወራት ሙሉ መተኛት ነበረ። ሥራ የፈታ ልብ ደግሞ ራሱን ይበላል። ሂል መሣል ጀመረ፤ ለራሱም በጀው፤ ኋላም ለሌሎቹ ሕሙማንና ከጦርነት ለመጡ ቁስለኞች አስተማረ። በ1942 ለነገሩ የሥዕል ሕክምና የሚል ስም አወጣለት፤ በ1945ም መጽሐፍ አሳተመበት።

በ1946 ደግሞ ኤድዋርድ አዳምሰን የተባለ ሌላ ሠዓሊ ኔዘርን በሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ያዘ። ለቅኔ ቤት ሰው ትልቅ ጥያቄ የሚያነሣው የዚህ ሰው ልማድ ነው። ሕሙማኑ ሲሥሉ አያርማቸውም፥ ሥዕላቸውንም አይተረጕምባቸውም ነበር፤ ቀለሙንና ወረቀቱን አዘጋጅቶ በአጠገባቸው ይቀመጥ ነበር እንጂ።

በቅኔ ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ጉባኤ ቃና ሲቈጥር የዋለ ተማሪ ለመምህሩ በነገረ ጊዜ፥ ቤቱ ባይመታ ወይም ሰሙና ወርቁ ባይገጥም መምህሩ ወዲያው ነቅፎ ያቃናለታል። ይህም ጭካኔ አይደለም፤ ቅኔው በእግዚአብሔር ፊት በማኅሌት የሚቀርብ ነውና ጕድለቱ ሊታለፍ አይገባውም። እንግዲህ እጁና እግሩ ተለይቶ የማይታወቅ ሥዕል ሳይታረም ሲታለፍ ሊቃውንት ቢያጉረመርሙ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የተማሪው ቅኔ ለጉባኤ ነው፤ የሕመምተኛው ሥዕል ግን ለራሱ ነው። ልጅዋን የቀበረች እናት ስታለቅስ ግጥምሽ ቤት አልመታም የሚላት ማን ነው?

ይህም ሲባል ሥርዐት የኀዘን ጠላት ነው ማለት አይደለም። በአገራችን ሙሾ ቤት እየመታ ይወርዳል፤ ቤት መምታቱም እንስራ ውሃን እንዲይዝ ኀዘኑን ይይዘዋል። ያው ዳዊት ሳኦልና ዮናታን በጌላቡሄ ተራራ በወደቁ ጊዜ ልቅሶውን በቅኔ አድርጎ፥ የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት አዝዟል። ሥርዐቱን ያዘነው ሰው ራሱ ሲሻው ይረዳዋል፤ ሌላው በፍርድ ሲጭንበት ግን አፉን ይዘጋዋል።

ከእርማትም ይልቅ የሚያስፈራው ትርጓሜ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ሲያይ ሞት ነው፥ በር የሌለው ቤት ሲያይ ግዞት ነው ለማለት ይቸኩላል። ባለቅኔው ወርቁን የሚሰውረው አውቆ ነው፤ ሰሚውም እንዲያወጣው ይወድዳል። ሕመምተኛው ግን የሣለውን ነገር ወርቅ ራሱ ገና አላገኘው ይሆናል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢቈፍርበት የገዛ ገንዘቡን እንደ ተቀማ ይቈጠራል።

ጸሎትና የንስሐ አባት ሳሉ ቀለም ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ሥዕል ጸሎትን ሊተካ አይችልምና። ዳሩ ግን ንስሐ ለኃጢአት ነው፤ ኀዘንም ኃጢአት አይደለም። ጌታ በአልዓዛር መቃብር እንዳለቀሰ ወንጌላዊው ዮሐንስ ጽፏል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ማዘንን ነው እንጂ ማዘንን አይደለም። ያች ልጅዋን የቀበረች እናት በኀዘንዋ የምትናዘዘው ነገር የላትም፤ የምትናገረው ግን አላት። ያየውን ጥፋት ለመናገር አፉ እንቢ ያለው ወታደርም እጁ ሊታዘዝለት ይችላል።

ስለዚህ ካህኑ ሕመምተኛ ሊጠይቅ ሄዶ በራስጌው ሥዕል ቢያገኝ፥ አያመስግነው፥ አይንቀፈውም፤ ባለቤቱ ሊናገርበት እስኪወድድ ድረስ በአጠገቡ ይቀመጥ። ባይናገርም ጸሎቱን አድርሶ፥ ወረቀቱን ከነበረበት ሳያነሣ ይሂድ።