ያልታወቁ አካፋዮች መኖር

ስድሳ ሰባት ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ 1 ሲቀነስ የሚገኘውን 147,573,952,589,676,412,927ን፣ ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን መርሴን በ1644 እ.ኤ.አ. ከብቸኛ ቁጥሮች፣ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ሌላ አካፋይ ከሌላቸው፣ መድቦት ነበር። ኤድዋር ሉካ በ1876 ብቸኛ አለመሆኑን ሲያረጋግጥ ግን አንድም አካፋይ አላገኘለትም፤ አካፋዮቹ መኖራቸው ታውቆ ማንነታቸው ሳይታወቅ መቅረቱ ከመርሴን ስህተት ይልቅ ለፈላስፋ የሚከብድ ነው። ፍራንክ ኔልሰን ኮል በ1903 ቁጥሩ የ193,707,721 እና የ761,838,257,287 ብዜት መሆኑን አሳየ። የአፍላጦን ተከታዮች አካፋዮቹ ከሰው አእምሮ ውጭ ቀድሞም ነበሩ ይላሉ፤ የሒሳብ እውነት በአእምሮ የሚገነባ ነው ያለው ብራወር እንኳ፣ በተራ እያካፈሉ መፈተሹ የቱንም ያህል ቢረዝም መጨረሻ ስላለው፣ በዚህ ቁጥር ላይ ከእነርሱ ጋር የሚጣላበት ምክንያት የለውም፤ ጠቡ የሚጀምረው ፍለጋው ማብቂያ ሲያጣ ነው።