ዓይን መስመሩን እንዳይስት

የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ገጽ እንዲያወርድ የምናዘው ለምንድን ነው? ቀጣዩን መስመር ለማየት ያህል ከሆነ ማንኛውም ትእዛዝ ይበቃል። እኔ ግን ሥራው ከዚህ ይሰፋል እላለሁ፤ ያነበብነውን ገና ካላነበብነው ጋር ማያያዝ ነው።

የፓዌ ወረዳን እንውሰድ። ከ1977 ዓ.ም. ሰፈራ ወዲህ ብዙዎቹ መንደሮች የሚጠሩት በቁጥር ነው። የአኩሪ አተር ምርት በየመንደሩ የተመዘገበበትን ረጅም ፋይል የከፈተ ሰው መንደር 23ን ከመንደር 24 የሚለየው በአንዲት አኃዝ ነው። ገጹ ሲወርድ ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ብሎ ዓይኑ አንድ መስመር ቢስት፣ የአንዱ ምርት በሌላው ስም ይጻፋል። እንዲህ ያለ ስሕተት ቶሎ አይታወቅም፤ ትክክለኛ ቁጥር መስሎ ይቀመጣል።

ቪም በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ከሚሠሩ ሰዎች አንዳንዶቹ ግማሽ ገጽ የሚያወርደውን ኮንትሮል ዲ ከዜድ ዜድ ጋር ያጣምሩታል። የመጀመሪያው ያወርዳል፤ ሁለተኛው ጠቋሚው ያለበትን መስመር ወደ መሐል ያመጣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስክሪኑ በአንድ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ሊታደስ ይችላል። በሁለቱ መካከል ታይቶ የሚጠፋው ገጽ ነው ብልጭታውን የሚፈጥረው። መፍትሔውም ዜድ ዜድን ከትእዛዙ አውጥቶ ስክሮልኦፍ የሚባለውን ቅንብር 999 ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ጠቋሚው ከፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ በስተቀር ከመሐል አይለቅም፤ ገጹ ከወረደ በኋላ የሚስተካከል ነገር አይኖርም።

ይህ ጥንቃቄ የቆየ ነው። ፕሮግራመሩ ቢል ጆይ የቪም መነሻ የሆነውን ቪአይን እ.ኤ.አ. በ1976 በበርክሌይ ሲጀምር፣ በሰከንድ 30 ያህል ፊደል በሚያስተላልፍ ሞደም ይሠራ ነበር። በዚያ ፍጥነት 24 መስመርና 80 ዓምድ ያለውን ስክሪን እንደገና መሙላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በተቻለ መጠን የተለወጠውን ብቻ እንዲያድስ አድርጎ ሠራው። ሙሉ ገጽ የሚያወርደው ኮንትሮል ኤፍም በልማዱ ከቀደመው ገጽ ሁለት መስመር ያስቀራል።

እነዚያ ሁለት መስመሮች ትልቅ ቁም ነገር ይዘዋል። ቁጥር ለብቻው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ከጎኑ ካለው ስምና ከላዩ ካለው ርእስ ጋር ሲታይ ነው። ዝምድናው ከዓይን ፊት ሲቋረጥ ትርጉሙም አብሮ ይቋረጣል። ፈጣን ኮምፒዩተር ይህን አይጠግንም፤ አንባቢው የት እንደነበረ ካላወቀ በፍጥነት መድረሱ አይጠቅመውም።

ለራሳችሁም ሆነ ለሌላ ሰው ትእዛዝ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ገጹ ሲወርድ አንባቢው የያዘው መስመር የት እንደሚደርስ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። በፋይሉ ውስጥ ያለው አኃዝ የአንድ ገበሬ የዓመት ድካም ነው፤ በስሙ ሊነበብለት ይገባል።